አፋቸውን ዘግተው የሚያነቡ ልጆች

ድምፄ የተዘጋው መጋቢት ላይ ነው። ጧት ተነስቼ አከራዬን «እንደምን አደሩ» ልላቸው አፌን ብከፍት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። አከራዬ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ቅሪ» አሉኝ። መቅረት ግን አይቻልም ነበር። አስተማሪ ከቀረ ተማሪዎቹ ጎረቤት ክፍል ላይ ይደረባሉ፤ ጎረቤት ያለው ክፍል ደግሞ እንደኔው ልጆች አግዳሚው ላይ ሞልተው መሬት የሚቀመጡበት ነው። ሻሼን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ወጣሁ።

ያን ጊዜ ኮልፌ የከተማው ጫፍ ነበር። ከተከራየኋት ክፍል እስከ ትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ መሐል ለመሐል የሚያልፍ ቀይ መንገድ ነበረ፤ በበጋ አቧራው፣ በዝናብ ጭቃው ጫማ አያስደርግም። ዘመኑ የንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው። የመጨረሻ መሆናቸውን ግን ማናችንም አናውቅም ነበር፤ እኔ የማውቀው መድከሜን ብቻ ነው። ጧት አንድ ፈረቃ፣ ከሰዓት ሌላ ፈረቃ፣ ሁለቱም አንደኛ ክፍል። የጧቶቹን አስብዬ ስጨርስ የከሰዓቶቹ ደጅ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል፤ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ልጅ ነበርኩ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ግን ወንበር ሳይ ከመቀመጤ በፊት የምቃትት ሴት ሆኜ ነበር።

የማስተማሪያው መንገድ ሁላችንም የተማርንበት ነው። እኔ በአርጩሜ ሰሌዳውን እየነካሁ «ሀ!» እላለሁ፣ ልጆቹ «ሀ!» ይላሉ፤ «ሁ!» «ሁ!»። እስከ ፐ ድረስ እንዲህ እንወርዳለን። ልጆቹ ዜማውን በአንድ ወር ያውቁታል። አንዱን ጠርቼ ከመሐል «ሞ» ላይ ጣቴን ባስቀምጥ ግን ዓይኑ ይቅበዘበዛል፤ ከንፈሩ ቀስ እያለ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ሲል አየዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ተነስቶ እየቆጠረ እስኪደርስ ድረስ የቀሩት ልጆች ተረብሸዋል። የሚያውቁት ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን ነበር። እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ያን ሁሉ ልጅ ይዤ ሌላ ምን ላደርግ?

ከነዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ልጅ ነበረች፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ። አንደኛ ክፍልን ስትደግም ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስትናገር ትንተባተባለች፤ ትንሽ ሳይሆን አንድ ቃል ለማውጣት አንገቷ ሥሩ እስኪገተር ድረስ የምትታገል ዓይነት። ልጆቹ «ተብታባ» ይሏታል፤ በዕረፍት ሰዓት ፊቷ ቆመው «በ፣ በ፣ በ» እያሉ ይቀልዱባታል። የፊደሉ ዜማ ሲዘመር አፏን አትከፍትም። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለቴ አስነስቻት ነበር፤ ክፍሉ ሲስቅ፣ እሷ እንባዋ ሲመጣ አይቼ ተውኳት። ሁለተኛ አልጠራኋትም። ክፍሉ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ ፊደል የማታውቅ ልጅ ናት ብለን ደመደምን። አባቷ ከደቡብ ምዕራብ አገር መጥቶ ማዞሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ በርበሬ ይሸጣል። ሳልፍ ሰላም እንባባላለን፣ ስለ ልጁ ግን አይጠይቀኝም፤ እኔም አልነግረውም።

ዳይሬክተራችን ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። ሲራመድ ኮቱ ኋላው ይቀራል። በጥር ዕረፍት ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የሚሰጥ ኮርስ ገብቶ ነበር። ሲመለስ ሰበሰበንና ስለ ፈጣን ንባብ ነገረን። ፈረንጆቹ ሥራ የሚበዛባቸውን ሰዎች፣ ነጋዴዎችንና ሹማምንትን፣ ቶሎ ቶሎ እንዲያነቡ የሚያሠለጥኑበት ዘዴ ነው አለ። አንባቢን የሚያዘገየው አፉ ነው፤ ዓይን ቃሉን በአንድ ጊዜ ሙሉውን ያያል፣ አፍ ግን ፊደል በፊደል እየጎተተ ያስቀረዋል። «ታዲያ መጥፎውን ልማድ አስለምደን አዋቂ ሲሆኑ ከምናስተዋቸው፣ ለምን ከመጀመሪያው በዓይናቸው እንዲያነቡ አናደርግም?» አለ። አንድ አረጋዊ መምህር ብቻ «ልጆቹ መጀመሪያ ያንብቡ፣ ፍጥነቱ ይደርሳል» ብለው ተነስተው ኮፍያቸውን አደረጉ። ስብሰባው በዚሁ አለቀ።

ድምፄ የተዘጋ ዕለት ዳይሬክተሩ የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት እንዳለቀ ጠራኝ። ተማሪ እንዳላዘዝኩ፣ በእጄ ብቻ እንዳሰለፍኩ አይቷል።

«ምን ሆነዋል፣ ወይዘሪት?»

ጉሮሮዬን አሳየሁት።

ፊቱ በራ። ለኔ ማዘን ሲገባው ደስ አለው። «እንግዲያው የኔን ዘዴ ይሞክሩት! ድምፅ አይፈልግም እኮ። ከእርስዎም አይፈልግም፣ ከልጆቹም አይፈልግም።»

«ገና ፊደል አልለዩም» አልኩት በሹክሹክታ።

«ከቃሉ ይጀምሩ። ልጅ እናቱን ሲያይ መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ጆሮ እያለ ነው የሚለያት? ባንዴ ነው የሚያውቃት።»

ልከራከረው አቅም አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለጥቂት ቀን ሳልጮህ መዋል እንደምችል። ለዚያ ስል ምንም ዘዴ ቢያመጣ እቀበለው ነበር።

ካርዶቹን ራሱ ሠራቸው። ከየሱቁ የሳሙና ካርቶን ለምኖ አመጣ፤ ቆረጠ፤ በብሩሽ ቃል በቃል ጻፈባቸው። ሥራው እንዲህ ነው፦ ካርዱን ወደ ላይ አነሳዋለሁ፣ ዓይን እስኪጨፈን ድረስ ብቻ አሳይና እደብቀዋለሁ፤ ልጆቹ ያዩትን ይናገራሉ። ከዚያ ደግሞ አፍ እንዳይነበንብ ልምምድ አለ፤ እያንዳንዱ ልጅ እርሳሱን በጥርሱ ነክሶ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በዓይኑ ብቻ ይከተላል። ዳይሬክተሩ ከስፖርት አስተማሪው የሩጫ ሰዓት ተውሶ ይመጣና በር ላይ ቆሞ ይለካል። ዕለት ዕለት ይፈጥናሉ፤ ሰዓቱን እያሳየኝ እንደ ልጅ ይስቃል።

እኔ ፊት ለፊት ስለምቆም የማየው ሌላ ነበር። መጀመሪያ ነገር እርሳሶቹ ተበሉ። አንዲት እናት የልጇን የተቆረጠመ እርሳስ ይዛ መጥታ «ቲቸር፣ እዚህ ምሳ አይበሉም እንዴ?» አለችኝ። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ይገምታሉ። «ቤ»ን ሲያዩ ቀሪውን አያዩም፤ ቤት፣ ቤቱ፣ ቤቴ፣ ቤታችን፣ ሁሉም «ቤት!» ነው። «በግ»ን ሳሳይ «በሬ!» ብለው ጣሪያውን ያነቃንቁታል። አማርኛ ነገሩን የሚያስቀምጠው ቃሉ ጭራ ላይ ነው፤ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ። ልጆቹ ደግሞ ጭራው ጋ ሳይደርሱ ጮኸው ጨርሰዋል። ይህን ለዳይሬክተሩ በሹክሹክታ ላስረዳው ስሞክር ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥና «ይስተካከላል፣ ይስተካከላል» ይለኛል። እኔም እተወዋለሁ። ሰው ደስ ብሎት ሲያዩት መቃወም ራሱ ጉልበት ይጠይቃል።

ከዘዴዎቹ ሁሉ አንዱን ወደድኩት። ልጆቹ ያነበቡት ገብቷቸው እንደሆነ ለማየት ትእዛዝ የተጻፈባቸው ካርዶች አሉ፤ «ተነስ»፣ «ተቀመጥ»፣ «በሩን ክፈት»፣ «መስኮቱን ዝጋ»። እኔ ዝም፣ እነሱም ዝም፤ ያነበበ ተነስቶ የታዘዘውን ይሠራል። በእርግጥ አንዱ ሲነሳ ሌላው አይቶት ይነሳል፤ ማን እንዳነበበ፣ ማን እንደተከተለ አይታወቅም። ግን ጸጥታ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍሉን ግድግዳ አየሁት፤ ጭቃው የት የት እንደተሰነጠቀ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ምን ያህል እንደተጣመመ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በረዶ ወረደ። የበልግ በረዶ ነው፣ ሳይታሰብ የሚመጣ። ክፍላችን ኮርኒስ የለውም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲዘንብ እንኳን የኔ የተዘጋ ድምፅ የመድፍም አይሰማም። እንዲህ ባለ ጊዜ ትምህርት የለም፤ እስኪያባራ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ልጆቹ አበዱ። መስኮቱ መስተዋት የሌለው ጣውላ ነው፤ ነፋስ በረገደውና በረዶው ገባ። ከፊሉ አግዳሚ ሥር ገባ፣ ከፊሉ በረዶውን እየለቀመ አፉ ውስጥ ይከታል። ካርዶቹን አገላብጬ «መስኮቱን ዝጋ» የሚለውን አውጥቼ ወደ ላይ አነሳሁት። ማንም አላየኝም።

ያቺ ልጅ ግን አየችኝ። ካርዱን አየችና ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው።

እንደ ቁም ነገር አልቆጠርኩትም። መስኮቱ ሥር ያለችው እሷ ናት፤ በረዶ ፊቱን ሲመታው የማይዘጋ ማን አለ? ግን ዘግታ ስትመለስ አልተቀመጠችም፤ ቆማ አየችኝ፤ ሌላ የምትጠብቅ መሰለችኝ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፣ «በሩን ክፈት» የሚለውን አነሳሁት።

ካርዱን አየች። በሩን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ አስተያየቷ «በዚህ በረዶ?» የሚል ነበር። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩላት። በአግዳሚዎቹ መሐል አልፋ፣ መሬት ላይ የተቀመጡትን ተሻግራ ሄደችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። በረዶው እስከ ሰሌዳው ድረስ ገባ፤ ክፍሉ በደስታ ጮኸ፤ ጩኸቱ ራሱ አልተሰማም፣ የተከፈተ አፍ ብቻ ነው ያየሁት። «በሩን ዝጋ» የሚለውን አነሳሁ። ዘጋችው። ቀሚሷ ጉልበቷ ድረስ ርሷል። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፈገግ ብላ ነበር፤ ፈገግታዋን በዚያ ቀን ነው ያወቅኩት።

ማታውን ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። እሱ እንኳ ተጠራጠረ። «ካርዶቹን ስንት ጊዜ አይታቸዋለች፤ በመልካቸው ለይታቸው ይሆናል» አለ። እውነቱን ነው። ቤቴ ሄጄ አዳዲስ ካርዶች ጻፍኩ። እሱ ሁሉንም የጻፈው ለወንድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለእያንዳንዱ እህት አበጀሁለት። «ተነስ» ላለው «ተነሺ»፣ «ተቀመጥ» ላለው «ተቀመጪ»፣ «ሰሌዳውን ንካ» ላለው «ሰሌዳውን ንኪ»። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፣ እሷም መጨረሻ ላይ።

በማግስቱ ክፍሉን አፍ አስዘግቼ ጀመርኩ። አንደኛውን ካርድ ሳነሳ ወንድም ሴትም ግር ብሎ ተነሳ። ልጅቷ አልተነሳችም። «ዳይሬክተሩ ልክ ነው» አልኩ። እጄን ዝቅ አድርጌ ካርዱን ባየው «ተነስ» ነው የሚለው። ለወንድ። ቀጣዩን አነሳሁ፣ «ተነሺ» የሚለውን። ክፍሉ አሁንም ግር ብሎ ተነሳ፤ እሷም ተነሳች። «ንካ» ስል ወንድ ሴቱ ሰሌዳው ላይ ተረባረበ፤ እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። «ንኪ» ስል መጥታ በአንድ ጣቷ ነክታ ተመለሰች። ካርዶቹን ደባልቄ ደጋገምኩት፤ አልተሳሳተችም። ያ ሁሉ ልጅ ሲሯሯጥ እስከ ቃሉ ጭራ ድረስ ታነብ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ ስንዘምር አፏን ዘግታ ፊደሉን በዓይኗ ስትለቅም ነበር ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን ወዲያው ሌላ ነገር አስከተለብኝ፤ ከነዚህ ልጆች ስንቱን ነው ሳላውቅ የደመደምኩበት የሚል። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና የዕረፍት ደወል እስኪደወል አልተነሳሁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ አባቷ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«እትዬ፣ ልጅቷን ልወስዳት ነው የመጣሁ» አለኝ። «አገር ቤት እናቴ ጋ ልልካት ነው። እዚህ ልጆች ይስቁባታል፣ ትምህርቱም አልገባትም። እዚያ እንኳ ከብት አይስቅባትም።»

«ጋሼ፣ ትምህርቱ ገብቷታል» አልኩት። ድምፄ ግማሹ ተመልሶ ነበር፣ እንደ ዛገ መጋዝ።

«አፏ ያልተፈታ ልጅ ምኑን ታነባለች?»

«ይቀመጡ። እርስዎ የፈለጉትን ይንገሩኝ፣ በጆሮዬ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትሠራዋለች።»

ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተዋል፤ እሷ ብቻ ከኋላ ቆማለች። አባትየው ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ብዙ አሰበ። ነጋዴ ነው፣ በቀላሉ የሚታለል ሰው አይደለም፤ ልጅ በልማድ የማትሠራውን ነገር እየፈለገ ነበር። በመጨረሻ ጆሮዬ ሥር «የአባትሽን ባርኔጣ ወስደሽ ራስሽ ላይ አድርጊ ብለው ይጻፉ» አለኝ።

ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ። የአባት ባርኔጣ መንካት! እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል፣ ምንም ምልክት አይሰጣትም። ቆየች። ከዚያ መጣችና ከጉልበቱ ላይ ባርኔጣውን በሁለት እጇ አንስታ ራሷ ላይ ደፋችው። እስከ አፍንጫዋ ወረደባት።

ሰውየው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። እጁን ዘርግቶ ባርኔጣውን ከዓይኗ ላይ ከፍ አደረገላትና ፊቷን አየ። ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አላት፤ እሷም ወደ ውጭ ወጣች፣ ባርኔጣውን እንዳደረገች።

«እትዬ» አለኝ፣ «እኔ ቁጥር እንጂ ፊደል አላውቅም። እናቷም እንደዚያው። ቤታችን የሚያነብ የለም። ታዲያ ከማን ጋር ልታወራ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ኮርስ ዳይሬክተሩም አልወሰደም።

«ለማንኛውም ትቆይ» ብሎ ተነሳ።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ዳይሬክተሩ ነው የጋበዘው፤ ዘዴውን ሊያሳየው። ክፍላችን ታጥቦ፣ ሰሌዳው በከሰል ጠቁሮ፣ ልጆቹ ፊታቸው ቅባት ተቀብቶ ጠበቅነው። ተቆጣጣሪው ወፈር ያለ፣ ትዕግሥቱ አልቆ የመጣ ሰው ነው፤ እሱም እንደኔ የደከመው መሰለኝ። ከኋላ ወንበር ሰጠነው።

መጀመሪያ አማረ። ካርዶቹን ብልጭ ባደረግኩ ቁጥር ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ የለመዷቸው ካርዶች ናቸው። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ይዞ ፊቱ ወዝቷል። ተቆጣጣሪው ግን ተነሳና ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የንባብ መጽሐፍ አንስቶ ወደ ኋላ ገጽ ገለጠው፤ ያላስተማርኩት ቦታ ነው። ከፊት ያለውን ደፋር ልጅ «አንብብ» አለው። ልጁ ለአፍታ አየና አንበለበለው፤ «በሬው ሜዳ ላይ ሣር ይበላል» አለ፣ ያለ አንዳች ማመንታት። ገጹ ላይ በሬ የለም፣ ሜዳም የለም። ሌላውን አስነሳ፤ እሱ ደግሞ የራሱን ፈጠረ። ሦስተኛዋም እንዲሁ። ሁሉም ፈጣኖች ነበሩ። ዳይሬክተሩ ሲገረጣ አየሁት።

«ወይዘሪት፣ ያቺን ልጅ ያሳዩአቸው» አለኝ።

የትእዛዝ ካርዶቹን ይዤ አሳየሁ። ልጅቷ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ በር ከፈተች፣ አንዱንም አልሳተችም። ተቆጣጣሪው ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

«ዲዳ ናት?»

«አይደለችም፣ ጌታዬ» አልኩ። «መናገር ይከብዳታል እንጂ…»

«እንግዲያው ታንብብ። ይህ የዲዳ ጨዋታ ነው፣ ንባብ አይደለም።»

መጽሐፉን ሰጣት። ላስቆመው ፈለግኩ፤ በምን ሥልጣን? ልጅቷ መጽሐፉን ተቀብላ ቆመች። «ል» አለች። «ል… ል… ል…» አንገቷ ተገተረ። ከወዲያ ጥግ አንዱ ሳቀ። ሌላው ተቀበለው። ዞሬ ሳያቸው ዝም አሉ። «ልጁ» አለች በመጨረሻ። ትንፋሽ ወሰደች። ዳይሬክተሩ ከልማዱ የተነሳ ሰዓቱን ጀምሮት ነበር፤ ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ አቆመውና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። «ው… ውሃ» አለች። ተቆጣጣሪው መስኮቱን ማየት ጀምሯል። እሷ ግን አላቆመችም። እያንዳንዱን ቃል ከጉሮሮዋ ውስጥ እየጎተተች፣ ላብ ግንባሯ ላይ ወጥቶ፣ «ልጁ ውሃ ቀድቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ» የሚለውን ጨረሰችው። «ቤት» አላለችም፤ «ቤቱ» አለች። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ተቀመጠች።

«ትክክል ነው» አለ ተቆጣጣሪው። «ግን በዚህ አኳኋን መጽሐፉን መቼ ልትጨርሰው ነው?»

«ትጨርሰዋለች» አለ ዳይሬክተሩ።

ተቆጣጣሪው ሲወጣ ወደ ቀድሞው አስተማማር እንድንመለስ አዘዘ። ሸኝቶት የተመለሰው ዳይሬክተር ልጆቹ ከወጡበት ክፍል ገብቶ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አግዳሚው የሕፃናት ስለሆነ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ።

«ያ ሁሉ ካርቶን» አለ። «ለአንዲት ልጅ?»

«አንዲትም ብትሆን ሰው ናት» ልለው እችል ነበር፤ ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚባለውን ያውቃል። ነገር ግን የከሰዓቶቹ በር ላይ መሰለፍ ጀምረዋል፤ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ እኔም ያን ጊዜ የማስበው ጉሮሮዬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይችል እንደሆነ ነበር። ሰሌዳውን አጠፋሁና ሀ ብዬ ጻፍኩ። እሱ ተነስቶ ወጣ፤ በዚያ ቀን አልቸኮለም።

ሰኔ ላይ ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ ስንል ልጅቷ አከራከረችን። የንባብ ፈተና በቃል ነው፤ በቃል ደግሞ ሰዓቱ አይበቃትም። አረጋዊው መምህር «ደንብ ደንብ ነው፣ ለሷ ብቻ አይቀየርም» አሉ። እኔ ብዙ ጊዜ በስብሰባ ላይ አልናገርም፤ ያን ዕለት ግን ተናገርኩ፤ በዚያ መጋዝ ድምፄ፣ ረጅም ንግግር። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውሰውም። ሁሉም የሰለቹ ስለነበሩ ይሁን የገባቸው ስለሆነ፣ ዳይሬክተሩ «በጽሑፍ ትፈተን» ሲል የተቃወመ አልነበረም። ተፈተነች፣ አለፈች። ዳይሬክተሩ ክረምቱን ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። በመስከረም ሌላ ሰው መጣ፤ እኛም «ሀ!» «ሀ!» ማለታችንን ቀጠልን። ድምፄ ተመለሰ፣ ግን የቀድሞው አልሆነም፤ እስከ ዛሬ ስልክ ለሚያነሱ ሰዎች ወንድ እመስላቸዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኔም አየር ጤና አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። አገሩ መናወጥ የጀመረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ ነገ ተማሪዎች ወጡ፣ ከነገ ወዲያ እኛ አስተማሪዎች ራሳችን ወጣን። ሰው ሁሉ ወሬ ናፋቂ ሆነ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አውቶቡስ ጠፍቶ በእግሬ ስመለስ ማዞሪያው ጋ ሳሙና ልገዛ ወደ ልጅቷ አባት ሱቅ ጎራ አልኩ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጥል መስሎኝ ነበር።

ውስጥ ልጅቷ ቆማለች፤ አድጋለች፣ ፀጉሯ ተሠርቷል። እጇ ላይ ጋዜጣ ይዛለች። አባቷ ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደግፎ ያዳምጣል። ዜናውን እያነበበችላቸው ነው። መንተባተቧ አልተዋትም፤ አንዱ ቃል ላይ ደርሳ ቆማለች፣ አንገቷ ተገትሯል፣ ሰውም ከሷ ጋር ትንፋሹን ይዞ ቆሟል።

ከኋላ አንድ ጎልማሳ ትዕግሥቱ አለቀ። «ቶሎ በያ! ምን ይላል? እኔ ላንብበው፣ ወዲህ በይ!»

«ማን አቸኮለህ?» አለው አባቷ፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ከፈለግክ ቆመህ ስማ፤ ካልፈለግክ መንገዱ ያው።»

ሰውየው አልሄደም። ልጅቷም በሰውየው አልደነገጠችም፤ ዓይኗን ከጋዜጣው አላነሳችም። አባቷ እኔን ሲያይ አወቀኝ፤ ድምፅ ሳያሰማ በእጁ ወደ ውስጥ ጠራኝና ጥግ ያለውን የስኳር ጆንያ አሳየኝ። እግሬ ከአየር ጤና ጀምሮ ሲቃጠል ነበርና ተቀመጥኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ያን ዕለት የወጣው ዜና ምን እንደነበር አሁን ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ ያኔ ግን ትልቅ ነገር ነበር፣ ሰዉ ሁሉ አፉን ከፍቶ የጠበቀው። ቃሉ ወጣላት፣ ወደሚቀጥለው አለፈች። እኔም እስክትጨርስ እዚያው ጆንያው ላይ ተቀምጬ ሰማኋት።